ያልገጠመው አርባ ሳንቲሜትር

ሰኞ፣ የካቲት 5 ቀን 1976፣ ዳንግላ

አልገጠመም። ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ ሦስት ጊዜ ደመርኩ፣ አልገጠመም። ቤቱ ከውጭ ዘጠኝ ሜትር ከስድሳ ነው። ከውስጥ ደግሞ የፊት ክፍሉ ሦስት ሜትር፣ መካከለኛው ሁለት ከሰማንያ፣ ጓዳው ሁለት ከስድሳ፣ አራቱ ግድግዳዎች እያንዳንዳቸው ሃያ ሳንቲሜትር። ድምሩ ዘጠኝ ከሃያ። አርባ ሳንቲሜትር የት ገባ? ዶሮ አይደል ጎረቤት ሄዶ የሚያድር!

ጥፋቱ የኔ ሳይሆን አይቀርም። ሜትር የሚያዘው ለሁለት ነው፤ አንዱ ጫፉን ይይዛል፣ ሌላው ያነባል። አብራኝ ልትመጣ የነበረችው የክፍል ጓደኛዬ በመነሻችን ዋዜማ ታማ ቀረች። አሁን ጫፉ ላይ ድንጋይ እጭንበታለሁ። ድንጋዩን "ወጠር አድርገው" ብለው አይሰማ።

የሕንፃ ንድፍ ተማሪ ነኝ፣ አምስተኛ ዓመት። መምህራችን የመጨረሻ ሥራችንን ሲሰጡን ርእሱ "የሕዝብ ቦታና የግል ቦታ ሚዛን" ነው አሉ። ትንሽ ከተማ ሄዳችሁ ሦስት ቤት ልክ እንዳለ ለኩ፣ ከዚያ ተነሥታችሁ የአሥር ቤት ሰፈር ንደፉ። "የምታዩትን ሁሉ ሣሉ፤ የጎደለ ሥዕል አልቀበልም።" አላለፍኩም ማለት አልመረቅኩም ማለት ነው።

የቤቱ ባለቤት እትዬ የውብዳር ናቸው። ልብስ ሰፊ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው። የስፌት መኪናቸው የፊት ክፍል ውስጥ፣ መንገዱ ፊት ለፊት ነው። እኔ ግቢው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ተከራይቻለሁ። አዲስ አበባ ሰባት ልጆች ሆነን በአንድ ክፍል ነው ያደግነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ የራሴን ክፍል ስመኝ ኖርኩ። ይኸው አገኘሁ። ከተኛሁ በኋላ የሚረግጠኝ እግር የለም። ደግሞ አልተመቸኝም፤ የእህቶቼ ጫጫታ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል?

ምሳ ላይ የሰፈሩን ንድፍ አሳየኋቸው። አሥር ቤት፣ መሐል አንድ ሰፊ ግቢ፣ በሮቹ ሁሉ ወደ ግቢው። አንድ ቤት አንድ በር። ኮርቼበታለሁ። እሳቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ "እንግዳ ድንገት ቢመጣብኝና ቤቴ ባዶ ቢሆን በየት ወጥቼ ነው ከጎረቤት እንጀራ የምበደረው? በእንግዳው አፍንጫ ሥር መሶብ ይዤ ልለፍ?" አሉኝ።

አምስት ዓመት ስማር ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

ዛሬ ቀበሌ ሄድኩ፣ ለፈቃድ ወረቀቴ ማኅተም። ሊቀመንበሩ ጓድ አያሌው ክፉ ሰው አይመስሉም። ካርታ ይወዳሉ። ወረቀቱ ላይ የሦስት ቤት ቁጥር ይፈለግ ነበር፤ ሁለቱን ነገርኳቸው፣ የእትዬ የውብዳርንና ቅዳሜ የለካሁትን የጨርቅ ነጋዴውን የሐጂ ኢብራሂምን። "ሦስተኛውስ?" አሉ። ገና ነው ስላቸው፣ "የኔን ለኪዋ!" ብለው የራሳቸውን ቁጥር ጻፉበት።

የሐጂና የሊቀመንበሩ ቤት ለየቅል ነው። ሐጂ ሱቃቸውን ካስለኩኝ በኋላ መጋረጃው ጋ ስንደርስ ቆሙ። "እስከዚህ የሕዝብ ነው፣ ልጄ። ከዚህ ወዲያ የሷ ነው" ብለው ሚስታቸውን ጠሩ፤ እመቤቲቱ ራሳቸው ናቸው ያስገቡኝ። ሊቀመንበሩ ቤት ግን ሚስታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ የጓዳው በር ላይ ወገባቸውን ይዘው ቆሙብኝ። "ጓዳዬን? ደግሞ ምን ቀረሽ! ድስቴን ልትቆጥሪ ነው?"

"ለትምህርት ነው፣ ልቀቂያት" አሏቸው ባላቸው።

ለቀቁኝ፤ እስክወጣ ድረስ ግን ዓይናቸው ከጀርባዬ አልተነቀለም። የተሰነጠቀ ጋን፣ የተንጠለጠለ ቋንጣ፣ ያልታጠበ ድስት። ሁሉንም ሣልኩ። የምታዩትን ሁሉ ተብለናላ። ጓድ አያሌው ደግሞ የቤታቸውን ልክ እየጠራሁላቸው እዚሁ ደብተሬ ላይ በራሳቸው እስክሪብቶ ደመሩት። ገጠመ። እንደ ልጅ ደስ አላቸው።

ስወጣ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። እሁድ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ፤ ሦስቱንም ሥዕል አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንድሰቅል። "ምሁሩ ምን እንደሚሠራ ሰፊው ሕዝብ ይይ" አሉ። ሥራዬን ከመምህር ሌላ ሰው ሊያየው ነው! የምነግረው ሰው አጥቼ ለድንጋዬ ነገርኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

ዛሬ ተባረርኩ። በደግ አንደበት፣ ግን ተባረርኩ።

ጠዋት እትዬ የውብዳር፣ "ከሰዓት እንግዶች አሉብኝ፤ ለምን ሄደሽ ዘንገናን አታዪም? እዚህ ድረስ መጥተሽ ሐይቁን ሳታዪ!" አሉኝ። እስከ እንጅባራ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና፣ ቀሪውን በእግር። ሐይቁ ክብ ነው፣ ፊትም ጓሮም የለው። ዳሩ ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን በላሁ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች በአገውኛ ሰላም አሉኝ፤ በአማርኛ መለስኩ። ተያይተው ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ አለፉ። ቀኑን ሙሉ ያወራሁት ይህንኑ ነው።

ስመለስ ገና ብርሃን ነበር። የጓሮው የቀርቀሃ አጥር አንድ ቦታ ላይ ወደ ጎረቤት የሚያሳልፍ ክፍት አለው፤ በዚያ በኩል ሰው ሲወጣ አየሁ። አንድ ሴትዮ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሽማግሌ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ልጃገረዶች። ማኅበር መሆን አለበት። ግቢው ውስጥ እኔም አለሁ እኮ፣ "ነይ፣ ቅመሽ" ማለት ምን ነበረበት? እዚህ ማንም ሰው የሌላት ልጅ መሆኔን እያወቁ። ሆዴ ባሰው። እራት አልበላም ብዬ ተኛሁ፣ ኩርፊያዬን ያየልኝ ሰው ግን የለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ገጠመ! ገጠመ! ገጠመ!

እትዬ የውብዳር ክር ሊገዙ ወጥተው ነበር። ጓዳው መጋረጃ እንጂ ቁልፍ የለውም። ሰኞ ሲያስገቡኝ በር ላይ ቆመው "በይ ቶሎ በይ" ይሉኝ ስለነበር ለክቼ የወጣሁት በጥድፊያ ነው። ዛሬ ገባሁ። ሳላስፈቅድ መግባቴ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አርባ ሳንቲሜትሩ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

በመጨረሻው ግድግዳ ላይ ሰሌን ተሰቅሏል። ሰኞ የለካሁት እስከ ሰሌኑ ነበር። ገለጥኩት። ከኋላው የቀርቀሃ ግድግዳ አለ፣ ከቀርቀሃው ኋላ እስከ ጭቃው ግድግዳ ድረስ በጭድ ተጠቅጥቋል። እጄን ሰደድኩ፤ እስከ ክንዴ ገባ። አርባ ሳንቲሜትር ልክ! ኮርኒሱም ላይ ጭድ አለ። መስኮቱም ከውስጥ በብርድ ልብስ ተደፍኗል።

የዚህ አገር ብርድ ቀላል አይደለም። ጭድ ሙቀት ይይዛል። ማንም ሳያስተምራቸው! መምህራችን ይህን ሲያዩ ምን ይሉ ይሆን? ከሰዓት በኋላ በሙሉ በካልክ፣ ብርሃን በሚያሳልፈው የንድፍ ወረቀት፣ ላይ በቀለም ሣልኩት። ጭዱን በቀጫጭን መስመር፣ ጥጉ ላይ የተደረደሩትን አሥራ አራት በርጩማዎች መሬቱ ላይ ባለው ምልክታቸው በክብ በክብ። ከጎኑ "ሙቀት መያዣ፣ 40 ሳ.ሜ." ብዬ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ከሣልኩት ሁሉ ይህ ይበልጣል። ራሴን በራሴ አቀፍኩት ማለት ይቻላል።

ዓርብ፣ የካቲት 9

ላስደስታቸው ብዬ ነበር። ኩርፊያዬም አልፎልኝ፣ ሥዕሉን ይዤ የስፌት መኪናቸው ላይ ዘረጋሁላቸው።

መቀሱን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ።

"ይቺ ክብ ክቧ ምንድን ናት?"

"በርጩማዎቹ ናቸው።"

"ይሄ የጠቆረውስ?"

"ጭዱ ነው፣ እትዬ። ለብርድ ያደረጉት።"

"ለብርድ አይደለም፣ ልጄ" አሉ። "ለመዝሙር ነው።"

ከዚያ ተነሥተው የመንገዱን በር ገርበብ አደረጉና በዝግታ ነገሩኝ። ጴንጤ ናቸው። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ቆይቷል። ረቡዕ ረቡዕ አሥራ አራት ሆነው ጓዳ ውስጥ ይጸልያሉ፤ አገዎችም አሉ፣ ከሌላ አገር የመጡም አሉ። ያ ግድግዳ በጎን በኩል ባለው፣ የአብዮት ጥበቃዎችም በሚያልፉበት ሌላ መንገድ ላይ ነው። ወንድማቸው ሌላ ከተማ በሰው ቤት ሲዘምሩ ተሰምቶ ከታሰረ አንድ ዓመት ከስምንት ወሩ። ግድግዳውን በገዛ እጃቸው የሠሩት እሱ በተያዘ ሳምንት ነው።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሁድ አዳራሽ ሊሰቀል መሆኑን ነገርኳቸው። ሊቀመንበሩ የሦስቱንም ቤት ቁጥር በእጃቸው ጽፈዋል፤ ይህን ብቻ ብተወው ለምን ማለታቸው አይቀርም። በርጩማ ደግሞ መቁጠር ይችላሉ።

"ምን ላድርግ፣ እትዬ?"

ሥዕሉን ጠቅልለው መለሱልኝ። "ዋሺልኝ አልልሽም" አሉ በመጨረሻ። "ዋሺ ብዬሽ በምን አፌ እጸልያለሁ? ትምህርትሽም እንጀራሽ ነው። አንቺ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ።"

ቢቆጡኝ፣ ቢያለቅሱ፣ ቢለምኑኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ መኪናቸው ተመልሰው የጀመሩትን እጅጌ ጨረሱ።

ረቡዕ ያባረሩኝ ለካ ለኔም ብለው ነበር፤ ብያዝ ምንም አላየሁም እንድል። እኔ ደግሞ "ቅመሽ አላሉኝም" ብዬ አኩርፌ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

ያሰብኩት ሁሉ፦

ቀለሙን በምላጭ መፋቅ። ሞከርኩ። ካልክ ሲፋቅ ይሻክራል፤ ብርሃን ሲመታው እዚህ ጋ አንድ ነገር ነበር እያለ ይናገራል።

ግድግዳውን ሃያ ማድረግ። ድምሩ አይገጥምም፤ ጓድ አያሌው ደግሞ መደመር ይወዳሉ።

ጓዳውን በአርባ ማስረዘም። አንድ ሰው ሜትር ይዞ የገባ ቀን አለቀልን።

ታምሜያለሁ ብዬ ወደ አዲስ አበባ መሸሽ። ይህንንም አስቤያለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ሌላ ምላጭ ልገዛ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ዕቃውን እያወረዱልኝ ሳለ መጋረጃውን አየሁት። እስከዚህ የሕዝብ ነው፣ ከዚህ ወዲያ የሷ ነው። ምላጩን ሳልቀበል ሮጥኩ፤ ሐጂ "ልጅቷ ምን ነካት?" ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ።

ሦስቱንም ቤቶች እንደ አዲስ ሣልኳቸው። የውጭውን ግድግዳ ሙሉ፣ የፊት ክፍሉን ሙሉ፣ መካከለኛውን ሙሉ። ከመጋረጃው ወዲያ ነጭ። የሐጂም ነጭ፣ የእትዬ የውብዳርም ነጭ፣ የሊቀመንበሩም ነጭ። አንዱ ብቻ ቢጎድል ይጠየቃል፤ ሁሉም ከጎደለ የኔ ጠባይ ይሆናል። መምህራችን የጎደለ አልቀበልም ብለዋል። እሱን በኋላ አለቅሰዋለሁ።

ማስመሪያውን እትዬ የውብዳር ያዙልኝ። ሳልጠይቃቸው መጥተው ጫፉን ያዙ። ሳምንት ሙሉ በድንጋይ ስሠራ ከርሜ፣ የሰው እጅ ማስመሪያ ላይ ሲያርፍ ዓይኔ እንባ አቀረረ። "ቀጥ አድርገሽ ሣይ፣ ምን ታለቅሻለሽ" አሉኝ።

የሐሙሱን ሥዕል ከሰል ላይ ጣልኩት። ካልክ ሲቃጠል ይጠቀለላል። አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው።

እሁድ፣ የካቲት 11

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሥዕሎቹን ሰቀልኩ። እትዬ የውብዳር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጓድ አያሌው ወደ ግድግዳው ቀርበው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ነጩ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ከመጋረጃ ወዲያ ያለው የቤት ገበና ነው ብዬ ተውኩት፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"የኔን ለክተሽ የለም እንዴ?"

"ለክቻለሁ። ለአዳራሽ አይሆንም ብዬ ነው።"

ፊታቸው ጠቆረ። ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ከሰፊው ሕዝብ የሚደበቅ ምን ነገር አለ?"

እትዬ የውብዳርን አላየሁም፤ ካየኋቸው እንደምጋለጥ አውቄዋለሁ።

"እኔ አለኝ!" አለ አንድ ድምፅ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው፣ ብድግ ብለው። "ምን ሊያይልኝ ነው ሰፊው ሕዝብ? የተሰነጠቀውን ጋን ነው? አንተ ጠግን ብልህ ዓመት ሆነህ! ደግ አደረገች ልጅቷ። ጓዳዬን አዳራሽ ላይ ሰቅላው ቢሆን ኖሮ እቤት አትገባትም ነበር!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሐጂ ኢብራሂም ጺማቸውን እያሻሹ "ልክ ናት፣ ልክ ናት" ይላሉ። ጓድ አያሌው ሊቆጡ ፈልገው፣ እሳቸውም ሳቅ አመለጣቸው። ስብሰባው ወደ ውሃው ጉዳይ አለፈ።

ሲያበቃ ግን በር ላይ ጠበቁኝ። "ያ ስትለኪ የምትጽፊበት ደብተር" አሉ፣ አሁን አልሳቁም። "ልኩ እዚያ ውስጥ ሙሉውን አለ። ከመሄድሽ በፊት አምጪው፤ ጸሐፊው ለፋይል ይገለብጠዋል።"

ያ ደብተር ይህ ደብተር ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 12

ሞኝ ነኝ። ሥዕሉን አቃጥዬ ደብተሩን ያስቀመጥኩ ሞኝ። ልኩ እዚህ አለ፣ ጭዱ እዚህ አለ፣ አሥራ አራቱ እዚህ አሉ። አነጋጋሪ ስላጣሁ ሁሉን ነገር ለዚህ ወረቀት ስነግረው ከረምኩ፤ ወረቀት ደግሞ የጠየቀውን ሁሉ ያናግራል።

ሐጂ ሱቅ ሄጄ ይህንኑ የመሰለ ሰማያዊ ደብተር ገዛሁ፤ ሱቃቸው ጨርቅ ብቻ አለመሆኑ በጀኝ። ልኮቹን ገለበጥኩ። የሐጂን እስከ መጋረጃው፣ የእትዬ የውብዳርን እስከ መጋረጃው። የሊቀመንበሩን ሙሉውን፣ ራሳቸው ደምረውታልና፤ የድምሩን ገጽ ከዚህ ገንጥዬ እዚያ ሰፋሁት፣ እስክሪብቶአቸውን እንዲያውቁት። ወደ ማታ አካባቢ ወስጄ ሰጠሁ። ጸሐፊው አገላብጦ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ጓድ አያሌው የራሳቸውን ድምር ብቻ አይተው "ገጠመ" ብለው ፈገግ አሉ። አንዳንዴ ደግ ሰው ይመስላሉ፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ለእትዬ የውብዳር፣ "ኃጢአቱ የኔ ነው፣ እኔ እንደሆንኩ ጴንጤ አይደለሁም" አልኳቸው። ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 14

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። የአሥሩን ቤት ሰፈር ለውጬዋለሁ። ሰፊው ግቢ አለ፣ በሮቹም ወደሱ ያያሉ። ግን እያንዳንዱ ቤት የጓሮ በር አለው፣ ከጓሮዎቹ ኋላ አንዲት ሴት መሶብ ይዛ የምታልፍባት ጠባብ መንገድ አለች፣ አጥሮቹም ክፍት ክፍት አላቸው። መምህራችን ነጩን ሲያዩ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ይጥሉኝ ይሆናል። ክረምቱን ቤት ተቀምጬ አስብበታለሁ።

ዛሬ ወደ ዘንገና አልተላክሁም። እትዬ የውብዳር የስፌት መኪናውን አሳዩኝና፣ "እዚህ ተቀመጪ። የፊት ክፍሉ ሰው ይኑረው" አሉኝ። ስፌት አልችልም። ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ሰጡኝ፣ እየገጣጠምኩ ፔዳሉን ረገጥኩ። ጋሪዎች አለፉ። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች አለፉ፣ አንዱ "እንዴት ዋልሽ" አለኝ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት።

እነሱ ካለፉ በኋላ ፔዳሉን አቁሜ አዳመጥኩ። ምንም። ተነሥቼ መካከለኛው ክፍል ገባሁ፣ አዳመጥኩ። መጋረጃው ጋ ጆሮዬን ባስጠጋ ብቻ፣ እንደ ሩቅ ውሃ ያለ ነገር። መንገዱ ላይ ማንም አይሰማውም። እንዴት ያለ ግድግዳ ነው! ከሙያ አንጻር ነው የምለው። ቀረብ ብዬ ጥቂት ቆየሁ፤ ከዚያ ሥራዬ ትዝ ሲለኝ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

ሲወጡ እንደ ልማዳቸው በአጥሩ ክፍት፣ አንድ በአንድ ወጡ። ሽማግሌው ብቻ ዞረው መጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

ይህን ደብተር ይዤ መሄድ አልችልም፤ ኬላ ላይ ሻንጣ ይፈታሉ። ላቃጥለው ብል ግን አልሆነልኝም። እትዬ የውብዳር ናቸው መፍትሔውን ያመጡት፦ "አርባ ሳንቲሜትር አለን እኮ" አሉ፣ ልክ እንደ ሙያተኛ። ጭዱ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ሌላ ዘመን ሲሆን ራሴ መጥቼ አወጣዋለሁ። ሌላ ዘመን ካልሆነም ይኑር፣ ሲዘምሩ ይስማልኝ።

አሁን ሰሌኑን በአንድ እጃቸው፣ ቀርቀሃውን በሌላው ገልጠው ይዘውልኛል። ትንሽ ብቻ ልጨምር እያልኩ እጽፋለሁ።

"በይ በቃሽ፣ ጽጌዬ፣ እጄ ዛለ እኮ" እያሉኝ ነው።